የቀረችው ኩላሊት

ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ የምንመላለስ ሁሉ የቅዱስ ጳውሎስን ሆስፒታል እናውቀዋለን። በዚሁ ስፍራ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀመር፣ ኩላሊቱን የሚሰጠው የታማሚው ዘመድ ነበር። ታዲያ «ሰጪውስ በአንዷ ይኖራልን?» የማይል ወላጅ ማን ነው?

ጥያቄው የቆየ ነው። በ1947 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በቦስተን ከተማ፣ ሮናልድ ሄሪክ አንድ ኩላሊቱን ለመንታ ወንድሙ ለሪቻርድ ሰጠ። ሪቻርድ ስምንት ዓመት ዕድሜ አገኘበት፤ ሮናልድ ግን በቀረችው ኩላሊት 56 ዓመት ኖረ! ይህን ስናነብ ተደነቅን።

የቀረችው ኩላሊት አዲስ ማጣሪያ አታበቅልም። ነገር ግን ደም በብዛት ይጎርፍላታል፤ ያሏት ማጣሪያዎችም ይሰፋሉ፤ በዚህም ሁለቱ ይሠሩት ከነበረው ከመቶ ከ60 እስከ 70 ያህሉን ብቻዋን ትሠራለች። ሙሉውን አይደለም፤ ስለዚህ ሐኪሞች ሰጪው የደም ግፊቱንና ሽንቱን በየዓመቱ እንዲመረመር ያዙታል።