ስለ አራተኛው ወገን
በቀዳማዊ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 1 ከቍጥር 10 እስከ 13 ላይ የተጻፈ ሐተታና ታሪክ

የቆሮንቶስ ምእመናን በአንድ ጥምቀት ተጠምቀው፥ ከአንድ ማዕድ ተካፍለው ሳሉ በመምህሮቻቸው ስም ተከፋፈሉ። ወሬውን የቀሎዔ ቤት ሰዎች ለሐዋርያው በነገሩት ጊዜ አራት ወገን ቈጠረ። ሦስቱ በጳውሎስ፥ በአጵሎስ፥ በኬፋ ስም የሚመኩ ናቸው፤ አራተኛው ግን የሰው ስም አልጠራም፥ የክርስቶስ ነኝ አለ እንጂ። ስለ ሦስቱ ክርክር የለም፤ መምህርን በጌታ ስፍራ ማቆም ነቀፋ መሆኑ የታወቀ ነውና። ክርክሩ ስለ አራተኛው ነው።

ሐተታ። ዮሐንስ አፈወርቅ ይህን ሲተረጕም፥ የክርስቶስ ነኝ ማለት በራሱ ነቀፋ አይደለም፤ ነቀፋው ሁሉም እንዲህ አለማለታቸው ነው ይላል፤ ቃሉንም ሐዋርያው ነገሩን ሊያከብድባቸው ከራሱ የጨመረው ይመስለዋል። አንድም፥ አራተኛው ወገን እንደ ሦስቱ ተነቅፏል፤ የሁሉን ጌታ የአንድ ማኅበር ገንዘብ አድርጎታልና። ከሁለቱ ትርጓሜ ማንኛውም ቢያዝ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ክርስቲያን ሆኖ ሳለ ከክርስቲያን ወገን ሁሉ የሚለይ ሰው ስለ ምን ይለያል? ተለይቶስ ወዴት ይደርሳል?

ጥያቄው በኢትዮጵያ የቃል ብቻ አይደለም። ወንድ በ40 ቀን፥ ሴት በ80 ቀን ክርስትና የሚነሡት፥ ካደጉም በኋላ የንስሐ አባት የሚይዙት፥ ሲሞቱም ፍትሐት ተደርሶላቸው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር የሚያርፉት በአንድ አጥቢያ ታውቀው ነው። የማንም ወገን አይደለሁም የሚል ሰው ልጁን ማን ያጠምቅለታል? ሬሳውንስ ማን ይቀብርለታል? በአዲስ አበባ ደቡብ፥ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ባለችው በለቡና እርስዋን በመሰሉ አዳዲስ ሰፈሮች ከየአውራጃው የመጣ ሰው ጎን ለጎን ቤት ሠርቶ ስለሚኖር፥ ይህ ጥያቄ በልቅሶም በሠርግም ጊዜ ከደጅ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ከቀድሞ ዘመን የሆነውን ማወቅ ለካህኑም ለምእመኑም ይጠቅማል።

ታሪክ። አባ ኤዎስጣቴዎስ የቀዳሚት ሰንበት እንደ እሑድ ትከበር ብሎ ስላስተማረ ከአገሩ ወጥቶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1352 በአርመን አገር ዐረፈ። ደቀ መዛሙርቱ ግን ትምህርቱን አልተዉም። በግብፃዊው ጳጳስ ቃል ካልታዘዙ በቀር ክህነት አይሰጣቸውም ስለ ተባለ፥ ከሌላው ሕዝብ ተለይተው በሰራዬና በሐማሴን በረሃና ተራራ ገዳማትን ተከሉ፤ ከጳጳሱ ክህነት ሳይቀበሉም ብዙ ዘመን ኖሩ። የደብረ ቢዘኑ አባት ፊልጶስም ስለዚሁ ነገር ታሰረ። ዐፄ ዳዊት በ1404 ሰንበታቸውን እንዲያከብሩ ፈቀደላቸው። በ1450 ደግሞ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰበሰበ፤ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል ሁለቱን ሰንበት ተቀበሉ፥ የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም ከጳጳሳቱ ክህነት ለመቀበል እሺ አሉ። እነዚህ ሰዎች ሃይማኖትን ጠልተው የተለዩ አይደሉም። ሕጉ ይጠበቅ ብለው ተለዩ፤ ሕጉ በተጠበቀላቸው ጊዜም ተመለሱ።

ታሪክ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የሮሜን ሃይማኖት በአዋጅ ተቀበለ። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1624 ዓ.ም. የአባቶቹን ሃይማኖት መልሶ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ ተወ። ኢየሱሳውያን ከአገር ወጡ፤ ክርክራቸው ግን ቀረ። ስለ ወልድ ቅብዐት ያነሡት ጥያቄ በራሳቸው በኢትዮጵያ ሊቃውንት መካከል ገብቶ ቅባት፥ ጸጋ፥ ተዋሕዶ የሚባሉ ወገኖች ሆኑ። በዘመነ መሳፍንትም የሃይማኖቱ ክርክር ከመሳፍንቱ ጦር ጋር ተቀላቀለ፤ መስፍኑ ሲለወጥ በጉባኤ የሚረታውም ይለወጥ ነበር። ምእመኑ ምስጢሩን ሳይማር የገዢውን ወገን ስም ተሸከመ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው ለተዋሕዶ እስኪፈርዱ ድረስ ነገሩ አልተቈረጠም። ከዚህ የሚታወቀው፥ ሰው ከወገን የሚሸሽበት አንዱ ምክንያት የሃይማኖት ስም ለጦር ዓላማ ሲሆን ማየቱ ነው።

ታሪክ። በዚያው ዘመን አቡ ሩሚ የተባለ ኢትዮጵያዊ መነኵሴ በግብፅ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መለሰ፤ ሐዲስ ኪዳኑ በ1829፥ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ታተመ። ሳሙኤል ጎባት በ1830 ትግራይ ሲገባ የላከው የእንግሊዝ ማኅበር አሳብ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ለመትከል ሳይሆን በነባሪቱ ውስጥ የመጽሐፍ ንባብ እንዲበዛ ነበር። ነገር ግን ዘሩ ሌላ ፍሬም አፈራ። በሐማሴን በጸዓዘጋ መጽሐፉን በአማርኛ ያነበቡ ካህናት በቤተ ክርስቲያናቸው ሊኖሩ ወደው ሳለ ተወገዙ፤ ወደ ስዊድን ሚስዮንም ተጠጉ። ሊለዩ ያላሰቡ ሰዎች ስለ ተገፉ ብቻ የባዕድ ስም ተሸከሙ።

በኋላም ኢጣልያ አገር በያዘ ጊዜ የውጭ ሚስዮኖች በግድ ወጡ። በወላይታ ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን በ1937 ሲወጣ የተጠመቁት 48 ያህል ብቻ ነበሩ፤ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ግን 10 ሺህ ያህል አማኞች እንዳገኙ ጽፈዋል። ያለ ሚስዮን የቆዩት የልዩ ልዩ አገር አማኞች ከ1944 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ በአዲስ አበባ በየዓመቱ ተሰብስበው፥ የስዊድንም የጀርመንም የአሜሪካም ስም ሳንሸከም አንድ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን እንሁን ብለው ተመካከሩ። አሳቡ ግን አልተፈጸመም። በሥርዓትና በጥምቀት ነገር የነበረው የሚስዮኖቹ ልዩነት በልጆቻቸው ላይ አደረ፤ መካነ ኢየሱስ በ1951 ዓ.ም. ለብቻዋ ቆመች፥ የቃለ ሕይወትም ሰዎች በራሳቸው መንገድ ሄዱ።

ታሪክ። የወገንን ስም ፈጽመን እንጣል ያሉ ሰዎች በአሜሪካ ተነሥተዋል። ባርተን ስቶንና ባልንጀሮቹ በ1804 በኬንተኪ የራሳቸውን የሽማግሌዎች ጉባኤ እንደሚሞት ሰው ኑዛዜ ጽፈው አፈረሱት፤ ክርስቲያን ከሚለው በቀር ስም አንፈልግም አሉ። ቶማስ ካምቤልም በ1809 በፔንሲልቬንያ እንዲሁ ያለ ጽሑፍ አወጣ። ሁለቱ ወገኖች በ1832 በሌክሲንግተን አንድ ሆኑ። ዳሩ ግን መቶ ዓመት ሳይሞላ በዜማ ዕቃና በሚስዮን ማኅበር ነገር ተከራከሩ፤ በ1906 የአሜሪካ መንግሥት የሃይማኖቶችን ቍጥር ሲጽፍ በሁለት ስም ለየብቻ መዘገባቸው። በአየርላንድና በእንግሊዝም ያለ ካህንና ያለ ወገን ስም እንጀራ እንቍረስ ብለው የተሰበሰቡት ወንድሞች በ1848 ለሁለት ተከፈሉ።

ከእነዚህ ከአሜሪካውያን ወገን የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የሚባሉት ሰባኪዎች በ1950ዎቹ ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥተው፥ ከለቡ ብዙ በማይርቀው በመካኒሳ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ለደንቆሮ ልጅ በእጅ ምልክት ፊደል ማስተማር መልካም ሥራ ነው፥ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን በ1936 ዓ.ም. በወጣው የሚስዮን ድንጋጌ መሠረት የውጭ ማኅበር ሁሉ ከመንግሥት ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት፤ ያለ ስም ደግሞ ፈቃድ አይጠየቅም። ስለዚህ ስም የለንም ያሉትም በመዝገብ ስም ሆነው ገቡ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራም ክርስቲያን ብቻ ነኝ ለሚል ሰው የተለየ ዓምድ አልነበረም፤ ኦርቶዶክስ፥ ፕሮቴስታንት፥ ካቶሊክ፥ ከዚያም ሌላ ከሚለው በአንዱ ይገባል እንጂ።

ታሪክ። ከሁሉ ይልቅ ለተዋሕዶ ልጆች ቅርብ የሆነው በስደት የሆነው ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ተነሡ፤ በ1984 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ተሾሙ። አቡነ መርቆሬዎስም ወደ ኬንያ፥ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሰደዱ፤ አብረዋቸው የነበሩ ጳጳሳት በስደት ሲኖዶስ አቋቋሙ። በቅዳሴ የማን ስም ይጠራ የሚለው ነገር አጥቢያን ከአጥቢያ ለየ። በዚህ መካከል ሦስተኛ ወገን ተነሣ፤ ከሁለቱም ሲኖዶስ ሳይገቡ ጾሙን፥ ቅዳሴውን፥ ሥርዓቱን ሁሉ ጠብቀው የቆሙ አብያተ ክርስቲያናት ገለልተኛ ተባሉ። ምክንያታቸውም አንድ ብቻ አልነበረም። አንዳንዱ በሕይወት ባለ ፓትርያርክ ላይ ሌላ መሾም ቀኖናን ማፍረስ ነው ብሎ፥ ነገር ግን ሲኖዶስን መክፈልም ስሕተት ነው ብሎ ተለየ። አንዳንዱ የአገር ቤት ፖለቲካ በመቅደስ ገባ ብሎ ሸሸ። አንዳንዱም ምእመናን በድካማቸው ገንዘብ የገዙትን ሕንጻ በመረጡት ቦርድ ያስተዳድሩ ስለ ነበር፥ ለሩቅ አስተዳደር ለማስረከብ ፈራ። የመጀመሪያው ምክንያት የሕሊና ነው፤ ሁለተኛው የኀዘን ነው፤ ሦስተኛው ግን ከገንዘብ ጋር የተቀላቀለ ነውና መመርመር ይገባዋል።

መለያየቱ 26 ዓመት ከቆየ በኋላ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዕርቅ ሆነ፤ ውግዘቱ ተነሣ፥ አቡነ መርቆሬዎስም ከአቡነ ማትያስ ጋር በአንድ ሲኖዶስ ፓትርያርክ ተብለው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ2014 ዓ.ም. በክብር ዐረፉ። ከገለልተኞቹም የሚመለስ ተመለሰ፥ እስከ ዛሬ ለብቻው የቆመም አለ።

ሐተታ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛው፥ ከስም የሚሸሽ ስም ተከትሎት ይሄዳል። የኤዎስጣቴዎስ ልጆች በአባታቸው ስም ተጠሩ፤ የአሜሪካው ወገን ሁለት ስም ሆነ፤ ገለልተኛ ማለትም ራሱ ስም ሆነ። ስለዚህ አራተኛው ወገን በመለየቱ ብቻ ከሦስቱ አይሻልም። ነቢዩ ኤልያስ ብቻዬን ቀረሁ ብሎ ወደ ኮሬብ በሸሸ ጊዜ፥ በነገሥት ሣልስ ምዕራፍ 19 እንደ ተጻፈው፥ ያልሰገዱ 7 ሺህ ሰዎች እንዳሉ ተነገረው፤ በዋሻውም እንዲኖር አልተተወም፥ ተመልሶ ኤልሳዕን እንዲቀባ ታዘዘ እንጂ። ጸጋ ለብቻው የሚያዝ ቢሆን ኖሮ ወደ ሕዝቡ ባልተመለሰ ነበር።

ሁለተኛው፥ የተለየውን የመለሰው ዘለፋ አይደለም። የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የተለዩትን የመለሰ ያዘኑበትን ነገር ሰምቶ ስለ ፈረደ ነው፤ የዋሽንግተኑም ዕርቅ የሁለቱን አባቶች ክብር ስለ ጠበቀ ነው። ጸዓዘጋ ግን ውግዘት እንጂ ጆሮ ስላላገኘች ልጆችዋ ለባዕድ ሆኑ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ዮሐንስ፥ ከእኛ ጋር የማይሄድ ሰው በስምህ አጋንንት ሲያወጣ ከለከልነው ባለ ጊዜ፥ ጌታ አትከልክሉት ብሎ መለሰለት። ጌታ ሰውዬውን ከሐዋርያት ጋር አልቈጠረውም፤ ነገር ግን ጠላት እንዲሉት አልፈቀደም።

እንግዲህ ካህን ወገን የለኝም የሚል ክርስቲያን ሲያገኝ አስቀድሞ የማን ነህ ብሎ አይጠይቀው፤ ምን አሳዘነህ ብሎ ይጠይቀው። በመቅደስ የገባ ጠብ አሳዝኖት እንደ ሆነ ጠቡን ያርቅ፤ የሕግ ጥያቄ ኖሮት እንደ ሆነ በመጽሐፍ ይመልስለት፤ ለማንም አልታዘዝም ባይነት ብቻ እንደ ሆነ በፍቅር ይገሥጸው። የተለየውም ይህን ያስብ፤ ሐዋርያው የቆሮንቶስን ሰዎች በአንድ ልብ እንዲሆኑ ለመናቸው እንጂ አራቱ ወገኖች አራት ቤት እንዲሠሩ አላዘዛቸውም። በጥምቀት የተቀበሉት ስም አንድ ነው፤ በቀብር ጊዜም የሚጠራው ያው የክርስትና ስም ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ዘመን ለብቻ ማለፍ ግን ለመጽናናትም ለመታረምም አይመችም።