ፊቱን ያዞረው ሐውልት፦ የአሌክሳንደር ሚልን ካልደር ሕይወትና ሥራ

ፊላደልፊያ የሚኖሩ ወገኖቻችን በየቀኑ ያዩታል። በመሐል ከተማው ከሚገኘው ማዘጋጃ ቤት ማማ ጫፍ ላይ ባርኔጣውን የደፋ፣ ረዥም ካፖርት የለበሰ አንድ የነሐስ ሰው ቆሟል። የሰውየውን ስም ያልሰማ ጥቂት ነው፤ ዊልያም ፔን ይባላል፤ የፔንሲልቬንያ መሥራች ነው። ሐውልቱን ማን ሠራው ተብሎ ቢጠየቅ ግን እዚያው ተወልዶ ያደገው እንኳ መልስ የሚያጣበት ጊዜ ብዙ ነው። የሠራው አሌክሳንደር ሚልን ካልደር ይባላል። እንደ እኛው ከባሕር ማዶ የመጣ ስደተኛ ነበር። የዚህን ሰው ታሪክ ማወቅ የሚጠቅመን ስለ ጥበብ ሲባል ብቻ አይደለም፤ ሰው በሰው አገር ሠርቶ ምን እንደሚያቆይ፣ ምንስ ከእጁ እንደሚወጣ ስለሚያሳየን ጭምር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ካልደር በ1846 በስኮትላንድ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ በምትገኘው በአበርዲን ከተማ ተወለደ። አበርዲን ግራናይት በሚባለው ጠንካራ ድንጋይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ቤቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ የመቃብሩ ምልክትም ከዚያው ድንጋይ ነው። የካልደር አባት የዕለት እንጀራውን የሚያገኘው የመቃብር ድንጋይ በመጥረብ ነበር። ይህ ሙያ ለልጅ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። በወረቀት ላይ የተሳሳተ ፊደል በላጲስ ይጠፋል፤ በሟች ስም ላይ መሮው አንዴ ካለፈ ግን የሚመለስ ነገር የለም። ካልደር ትዕግሥትንና ጥንቃቄን የተማረው ከዚህ ዓይነት ቤት ነው ማለት ይቻላል።

በአገራችን የእጅ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ መኖሩን፣ ባለሙያውም ለብዙ ዘመን ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ፋቂ እየተባለ ሲናቅ መኖሩን አንባቢ ያውቃል። የአበርዲኑ ድንጋይ ጠራቢ እንዲህ ያለ ንቀት ባይደርስበትም፣ አርቲስት ተብሎ የሚከበርም ሰው አልነበረም። ከድንጋይ ጠራቢነት ወደ ቀራጺነት ለመሸጋገር ልጁ ከቤቱ መውጣት ነበረበት። መጀመሪያ ወደ ኤድንበራ ሄዶ በቀራጺው በጆን ራይንድ ሥር ሠራ። ቀጥሎ ወደ ለንደን ተሻግሮ ለንግሥት ቪክቶሪያ ባል መታሰቢያ ይሠራ በነበረው በአልበርት መታሰቢያ ላይ ተቀጥሮ ድንጋይ ቀረጸ። በ1868 ደግሞ ባሕሩን አቋርጦ ወደ አሜሪካ መጣ። ዓመቱን ከኛ ታሪክ ጋር ለማገናዘብ ያህል፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ የወደቁበት ዓመት ነው። ካልደር ያን ጊዜ የ22 ዓመት ወጣት ነበር።

ያረፈው በፊላደልፊያ ነው። ሥራ እየሠራ ጎን ለጎን በፔንሲልቬንያ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ገብቶ ጆሴፍ ቤይሊ ከተባለው ቀራጺና ከታወቀው ሠዓሊ ከቶማስ ኢኪንስ ዘንድ ተማረ። ሙያ ይዞ የመጣ ሰው እንደ ጀማሪ እንደገና ተማሪ ቤት መግባቱ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በአገሩ መሐንዲስ ወይም መምህር የነበረ ስንቱ ወገናችን ማታ ማታ እንደገና ደብተር ይዟል።

ፊላደልፊያ በ1871 አዲስ ማዘጋጃ ቤት መሥራት ጀመረች። የሕንፃው አርኪቴክት ጆን ማክአርተር የሚባል፣ እሱም በትውልዱ የስኮትላንድ ሰው ነበር። የታሰበው በዓለም ላይ ካሉት ሕንፃዎች ሁሉ የሚበልጥ ቁመት ያለው ማዘጋጃ ቤት ነው። ሥራው ግን 30 ዓመት ፈጀ። በመሐሉ የዋሽንግተን መታሰቢያ ሐውልትና የፓሪሱ የኤፍል ግንብ ቀድመውት በቁመት በለጡት። ያም ሆኖ በ1901 ሲጠናቀቅ ሰው ከሚገለገልባቸው ሕንፃዎች መካከል ከዓለም ረዥሙ እሱ ነበር። ወጪው ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ፤ በዚያ ዘመን ይህ እጅግ ብዙ ገንዘብ ስለሆነ ግብር ከፋዩ ሕዝብ አብዝቶ አጉረመረመ። የሕንፃው አሠራር ሲጀመር አዲስ ፋሽን የነበረ ሲሆን፣ ሲያልቅ አሮጌ ሆኖ ነበር። በ1950ዎቹ እንዲያውም ይፍረስ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። ከታች 22 ጫማ የሚደርስ ውፍረት ያለውን ግድግዳ ማፍረሱ ራሱ ከባድ ወጪ መሆኑ ከታየ በኋላ ሐሳቡ ቀረ።

ካልደር ለዚህ ሕንፃ ቅርጻ ቅርጽ እንዲሠራ የተቀጠረው በ1873 ነው። ዕድሜው ገና 27 ዓመት ገደማ ነበር። ሥራው እንዲህ ነው፦ ቀራጺው መጀመሪያ ምስሉን በጭቃ ያበጀዋል። ከዚያ ጭቃው በጀሶ ይገለበጣል። የጀሶው ሞዴል ለድንጋይ ቀራጮች ይሰጥና እነሱ ልኩን እየለኩ ወደ እብነ በረድ ወይም ወደ ሌላ ድንጋይ ያሻግሩታል፤ ወይም ወደ ማቅለጫ ተልኮ በነሐስ ይፈሳል። ስለዚህ ሐሳቡና መልኩ የካልደር ሲሆን፣ በየድንጋዩ ላይ የብዙ ሰዎች እጅ አርፎበታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው መሆኑ ነው።

በዚህ ዓይነት በሃያ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ከ250 በላይ ምስሎች ተሠሩ። ከነሱ መካከል የልዩ ልዩ አህጉር ሰዎች፣ ፍትሕንና ሕግን የሚወክሉ ምስሎች፣ አበቦች፣ አንበሶችና ሌሎች እንስሳት ይገኛሉ። ከማማው ላይኛ ክፍል ከፔን እግር በታች ደግሞ የነሐስ ንስሮች አሉ፤ ከነሱ ጋር ፔን ከመምጣቱ በፊት በዚያ ምድር ይኖሩ የነበሩት የአገሩ ተወላጆችና ቀድመው የሰፈሩት ስዊድናውያን ቆመዋል። አብዛኛው ከመንገድ ላይ ሆኖ በዓይን የማይደረስበት ከፍታ ላይ ነው። ማንም አያየውም ብሎ ሥራውን ቸል ሊል ይችል ነበር፤ ግን አላለም። ሙያ በልብ ነው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። በመሐሉ፣ በ1887፣ በጌቲስበርግ ጦርነት የሰሜኑን ጦር የመሩትን የጄኔራል ሚድን የፈረስ ላይ ሐውልት ሠርቶ በዚያው ከተማ በፌርማውንት ፓርክ አቁሟል።

የሥራው ሁሉ መደምደሚያ የፔን ሐውልት ነበር። ቁመቱ 37 ጫማ ወይም 11 ሜትር ከሩብ ያህል ነው። ክብደቱ ከ53 ሺህ ፓውንድ በላይ፣ በኛ መለኪያ 240 ኩንታል ገደማ ይሆናል። በግራ እጁ የያዘው ወረቀት በ1681 የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ መሬቱን የሰጡበት ቻርተር ነው። ሐውልቱ በ14 ክፍል ተከፍሎ ታኮኒ በተባለው የከተማው ክፍል በሚገኝ የብረታ ብረት ማቅለጫ ተሠራ፤ ይህም ወደ ሁለት ዓመት ወሰደ። በ1892 ካለቀ በኋላ ሕዝብ በቅርብ እንዲያየው በማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ቆየ። በ1894 ክፍል በክፍል ወደ ማማው ጫፍ ተሰቅሎ ተገጠመ፤ የባርኔጣው ጫፍ ከመሬት 548 ጫማ ከፍታ ላይ ነው። በዓለም ላይ በሕንፃ አናት ከቆሙት ሐውልቶች የሚበልጠው የለም ይባልለታል።

እንግዲህ ለካልደር ይህ የደስታ ቀን መሆን ነበረበት። ነገር ግን በመሐሉ አርኪቴክቱ ማክአርተር በ1890 ሞቶ ሌላ ሰው ተተክቶ ነበር። ካልደር ሐውልቱን ሲሠራ ፊቱ ወደ ደቡብ እንዲሆን አስቦ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በዚያ አገር ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የምትዞረው በደቡብ በኩል ስለሆነ፣ ብርሃኑ ዐይኑን፣ አፍንጫውን፣ የልብሱን እጥፋት እያጎላ ያሳየዋል። የገጠሙት ሰዎች ግን ወደ ሰሜን ምሥራቅ አዞሩት። በዚያ አቅጣጫ በደላዌር ወንዝ ዳር የሚገኘው ፔን ከአገሩ ተወላጆች ጋር የሰላም ውል አደረገበት የሚባለው ሥፍራ ነው። ምክንያቱ ለታሪክ የሚስማማ ቢሆንም፣ ለቀራጺው ግን ከባድ ቅጣት ሆነበት። የሐውልቱ ፊት ከማለዳው ጥቂት ሰዓት በስተቀር ቀኑን በጥላ ውስጥ ይውላል። ከታች የሚያየው ሰው ጥቁር ቅርጽ እንጂ መልክ አያይም። ለጸሐፊ ቀለም ማለት እንደሆነ ለቀራጺም ብርሃን ማለት እንደዚያው ነው። ካልደር አጥብቆ ቢቃወምም የሰማው አልነበረም፤ ሐውልቱም እስከ ዛሬ እንደተገጠመ አለ። የሃያ ዓመት ድካሙ በከተማው ሁሉ ላይ ከፍ ብሎ ቆመ፤ ለእርሱ ግን ፊቱን አዞረበት። ሥራውን የሠራው ባለሙያው ነው፤ ወዴት ይዙር የሚለውን የወሰኑት ግን ሌሎች ናቸው።

ከዚያ በኋላ ከተማው ሐውልቱን እንደ ራሱ ምልክት ያዘው። ከፔን ባርኔጣ በላይ ሕንፃ አይሠራም የሚል ያልተጻፈ ስምምነት ለብዙ ዘመን ጸና። የተሻረው በ1987 ዋን ሊበርቲ ፕሌስ የተባለው 945 ጫማ ሕንፃ ሲቆም ነው። ከዚያ ወዲህ የከተማው ታላላቅ የስፖርት ቡድኖች ለዓመታት ዋንጫ ሲያጡ፣ ሕዝቡ ፔን ረግሞን ነው ይል ጀመር። በ2007 የኮምካስትን ሕንፃ የሠሩ ብረት ሠራተኞች ከመጨረሻው ብረት ላይ ትንሽ የፔን ምስል አሰሩ፤ አሁንም ከከተማው ሁሉ በላይ እሱ ነው ለማለት። በሚቀጥለው ዓመት በ2008 ፊሊስ የተባለው የቤዝቦል ቡድን የአሜሪካን ሻምፒዮንነት አገኘ። እርግማን የኛ አገር ነገር ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ልብ ይበል።

አሁን ወደ ቤተሰቡ እንመለስ። ካልደር ማርጋሬት ስተርሊንግ የተባለች ሴት አግብቶ በ1870 የመጀመሪያ ልጁ ተወለደ። ስሙንም አሌክሳንደር አሉት። በኛ ልማድ የልጁ ስም ከአባቱ ስም ይለያል፤ የአባት ስም ከኋላ ይከተለዋል። በነሱ ቤት ግን አባትም ልጅም አሌክሳንደር ስለሆኑ፣ ልጁ የሚለየው በመሐል በገባው በእናቱ የቤተሰብ ስም በስተርሊንግ ነው። ስተርሊንግ በወጣትነቱ በማዘጋጃ ቤቱ ሥራ አባቱን ሲረዳ ከአንዱ ምስል ላይ ክንዱን የሠራው እሱ ነው ይባላል። እሱም በአካዳሚው ተምሮ ታላቅ ቀራጺ ሆነ። ኒውዮርክ የሚኖር አንባቢ በዋሽንግተን አደባባይ ቅስት ላይ ካሉት ሁለት የጆርጅ ዋሽንግተን ምስሎች አንዱ፣ ፕሬዚዳንት ሆነው የሚታዩበት፣ የስተርሊንግ ሥራ መሆኑን ይወቅ። በፊላደልፊያ ደግሞ በ1924 በሎጋን አደባባይ የስዋንን የውሃ ፏፏቴ ሠራ። በፏፏቴው መካከል የተጋደሙት ሦስት የነሐስ ሰዎች የከተማውን ሦስት ወንዞች፣ ደላዌርን፣ ስኩልኪልንና ዊሳሂከንን ይወክላሉ። አባቱ ይህን ተመርቆ አላየም፤ በ1923 በዚያው በፊላደልፊያ ዐረፈ።

ስተርሊንግ ናኔት የተባለች ሠዓሊ አግብቶ በ1898 ወንድ ልጅ ወለደ። ስሙ? አሁንም አሌክሳንደር! ይህኛው ሳንዲ እየተባለ ይጠራል። ሳንዲ በመጀመሪያ የተማረው መካኒካል ኢንጂነሪንግ ነው፤ በ1919 ተመርቋል። በኋላ ግን ወደ ጥበቡ ተመለሰ። ሲመለስ ታዲያ የአያቱን መሮ፣ የአባቱንም ጭቃ አላነሣም። ያነሣው ሽቦና ቆርቆሮ ነበር። ከነዚያ ነፋስ ሲነካቸው የሚንቀሳቀሱ፣ ሞባይል የሚባሉ ቅርጾችን ፈጠረ። በ1976 ሲሞት ስሙ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነበር።

የፊላደልፊያ ሰው ሦስቱን በአንድ መንገድ ያያቸዋል። ከማዘጋጃ ቤቱ ተነሥቶ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ፓርክዌይ የተባለውን ሰፊ ጎዳና ቢይዝ፣ ከኋላው በማማው ላይ የአያት ሥራ አለ። በመሐል በአደባባዩ የአባት ፏፏቴ አለ። በመጨረሻው በሥነ ጥበብ ሙዚየሙ ታላቅ ደረጃ አዳራሽ ውስጥ በ1964 የተሠራው ጎስት የተባለው የልጅ ልጅ ሞባይል ተንጠልጥሏል። የከተማው ሰዎች ይህን ከሥላሴ ስም ጋር አያይዘው የሚቀልዱት ቀልድ አለ፤ ለኛ ጆሮ ስለሚከብድ እንለፈው። በ2025 ደግሞ በዚሁ ጎዳና ላይ የሳንዲ ሥራዎች የሚታዩበት የካልደር አትክልት ሥፍራ የተባለ ቦታ ተከፍቷል።

እኛ በየቤታችን የምንጨነቅበት አንድ ጉዳይ አለ። ልጆቻችን የኛን ነገር ይይዙታል ወይስ ይጥሉታል? ብዙ ጊዜ የምንጠብቀው ያንኑ ነገር በዚያው መልኩ እንዲይዙልን ነው። ቋንቋውን፣ ታሪኩን ማስተማር ግዴታችን መሆኑ አያጠያይቅም። ነገር ግን የካልደርን ቤት ስናይ፣ የመቃብር ድንጋይ ጠራቢው የልጅ ልጅ ልጅ ከድንጋይ አንድም ነገር ሳይይዝ በነፋስ የሚወዛወዝ ቆርቆሮ ሠርቷል። የአበርዲኑ ሽማግሌ ቢያየው ምን እንደሚል መገመት አያስቸግርም። ይሁን እንጂ ከአራት ትውልድ በኋላም እጅ ሥራ አልፈታም። ወርዶ የተወረሰው ድንጋዩ አይደለም፤ አንድን ነገር በእጅ ሠርቶ በሰው ፊት የማቆም ልማዱ ነው። አያት በሥራው ላይ ያልተፈቀደለትን የአቅጣጫ ምርጫ፣ የልጅ ልጁ በየአቅጣጫው የሚዞር ሥራ በመሥራት ያገኘው ይመስላል።

ፊላደልፊያ የሚሄድ አንባቢ ልጆቹን ይዞ ይሂድ። የሚቻለው ከሆነ በሰኔ ወይም በሐምሌ ማለዳ ይሁን፤ ፀሐይ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ስለምትወጣ ያን ሰዓት የፔን ፊት ይበራል። ካልደር ያሰበው መልክ ጥቂት ሰዓት ይታያል። ልጆቹ ማን ነው ብለው ሲጠይቁም፣ በመጀመሪያ የሠራውን ሰው ስም ይንገራቸው።