ከነጌሌ ቦረና በስተሰሜን የነበረው የበረዶ ግግር

«የበረዶ አህጉር» ሲባል ሁላችንም አንታርክቲካን ነው የምናስበው። ልክ ነው፤ 14 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚሆነው ስፋቱ 98 በመቶ ያህሉ በበረዶ የተሸፈነ ነው። የበረዶው አማካይ ውፍረት ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ግን ከነጌሌ ቦረና በቀጥታ መስመር 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ብትሄዱ፣ እናንተም የበረዶ ግግር ተኝቶበት የነበረ መሬት ትረግጣላችሁ። ቦታው በባሌ ተራሮች የሚገኘው የሳነቴ አምባ ነው። ከምድር ወገብ የሚርቀው 7 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው!

ይሄ እንዴት ታወቀ? የበረዶ ግግር ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር አይደለም። በራሱ ክብደት እየተጫነ ቀስ ብሎ ቁልቁል ይንሸራተታል። ሲሄድ ድንጋይ ይፈነቅላል፣ ይገፋል፣ ጫፉ ላይ ይከምራል። በረዶው ቀልጦ ሲጠፋ ክምሩ እዚያው ይቀራል። የባሌ ተራሮች ሸለቆዎች ውስጥ እንዲህ ያሉ ክምሮች አሉ።

ዕድሜያቸውን ለማወቅ ተመራማሪዎች ድንጋዩን ራሱን እንደ ሰዓት ተጠቀሙበት። ከጠፈር የሚመጣ ጨረር የድንጋይን ገጽ ሲመታ፣ ክሎሪን-36 የሚባል ብርቅ የአተም ዓይነት በጣም በዝግታ ይፈጠራል። ድንጋዩ ወፍራም በረዶ ሥር እስካለ ድረስ ጨረሩ አይደርስበትም፤ ሰዓቱ የሚጀምረው በረዶው ሲለቀው ነው። ስለዚህ የተጠራቀመውን ክሎሪን-36 መለካት ማለት ድንጋዩ ለፀሐይ የተጋለጠበትን ዘመን ማወቅ ማለት ነው።

አሌክሳንደር ግሮስና ባልደረቦቹ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ውጤት እንደሚያሳየው፣ በኢትዮጵያ ደጋዎች ላይ በረዶው ከፍተኛ ስፋቱ ላይ የደረሰው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመታት በፊት ነው። የዚያን ጊዜ ሙቀቱ ከዛሬው ከ4.4 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ዝቅ ያለ ነበር።

እዚህ ላይ ግን አንድ እንቆቅልሽ አለ። በዓለም ደረጃ በረዶው እጅግ የተስፋፋው ዘግይቶ፣ ከ21,000 ዓመታት ገደማ በፊት ነው። ታዲያ የባሌ በረዶ ዓለም ይበልጥ እየቀዘቀዘች ሳለ ለምን ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመረ?

አንድ ቀላል ነገር እናስብ። ፍሪዘር ውስጥ ባዶ ሳህን ብታስቀምጡ ሳህኑ ይቀዘቅዛል እንጂ በረዶ አይሠራም። ውሃም ያስፈልጋል። በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ላይ የበረዶ ግግሮች በተለያየ ጊዜ ያደጉትና ያነሱት የሙቀት መጠን ብቻ ስላልወሰናቸው ነው፤ የዝናቡና የበረዶው መጠን፣ የተራራውም አቀማመጥ ድርሻ አላቸው። የዚያ ዘመን ማብቂያ በአገራችን ምን ያህል ደረቅ እንደነበር ጣና ይመሰክራል፦ ከ17,000 ዓመታት ገደማ በፊት ሐይቁ ደርቆ ነበር።

አንታርክቲካም ይህንኑ በሌላ መንገድ ያስተምረናል። የአህጉሩ መካከለኛ ክፍል በዓመት የሚያገኘው በረዶ ቢቀልጥ 50 ሚሊሜትር ውሃ እንኳ አይሞላም። ከቦረና ቆላ ይበልጥ ደረቅ ነው ማለት ነው! ነገር ግን የወረደው ስለማይቀልጥ ለብዙ መቶ ሺህ ዓመታት ተደራረበ። ዶም ሲ ከሚባለው ቦታ ተቆፍሮ የወጣው በረዶ የ800,000 ዓመት የአየር ንብረት ታሪክ ይዟል። ባሌ ግን ይህን ያህል ቅዝቃዜ ኖሮት አያውቅም፤ ውሃው መቀነሱም ለበረዶው ማፈግፈግ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም።

በረዶው በነበረበት ዘመን አካባቢው ሰው አልባ አልነበረም። በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው ፊንጫ ሀበራ የተባለ የዋሻ መጠለያ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች እየተመላለሱ ይኖሩ ነበር። ግዙፉን የባሌ ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ፣ ለመሣሪያ የሚሆናቸውን ጥቁር የመስታወት ድንጋይ ደግሞ በረዶው አጠገብ ካለ ከፍታ ያመጡ ነበር። ከግግሩ የሚቀልጠው ውሃ ለመጠጥ ሆኗቸው ይሆናል።

ይሄ ሁሉ ለዛሬው ቆላ ምን ይፈይዳል? ገናሌ ወንዝ ከሲዳማና ከባሌ ደጋዎች ተነስቶ፣ በነጌሌ አቅራቢያ አልፎ ወደ ዶሎ ኦዶ ይወርዳል። በ2020 (እ.ኤ.አ.) የተመረቀውና 254 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የገናሌ ዳዋ 3 ግድብ የሚሠራው በዚሁ ውሃ ነው። ዛሬ ተራራው ላይ የሚጠራቀም በረዶ የለም፤ ስለዚህ ዝናብ ሲቀር የሚተካው የበረዶ ውሃ የለም። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ፣ የቦረና አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን አጡ።

ስለ አየር ንብረት ለውጥ ስናወራ «ምድር ስንት ዲግሪ ሞቀች?» ብለን መጠየቅ እንወዳለን። የሳነቴ ድንጋዮች ግን ሁለተኛ ጥያቄ ይጨምራሉ፦ «ዝናቡስ ወዴት ሄደ?» ከነጌሌ በዶሎ መና አድርጋችሁ ወደ ጎባ የምታልፉ ከሆነ፣ አምባው ላይ መኪናችሁን አቁሙና ዙሪያውን ተመልከቱ። በቁልቁለቱ ላይ እንደ ተዘረጋ ገመድ የተሰለፉት ግዙፍ ድንጋዮች የሰው እጅ ሥራ አይደሉም። የዚያ ቀዝቃዛ ዘመን አሻራዎች ናቸው።