ጓሳን የጠበቀው ማን ነው?

እንግዲህ ጠጋ በሉ፣ የመንዝን ነገር ላውጋችሁ።

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ሳይርቅ፣ ጓሳ የሚባል ውርጫም ደጋ አለ። ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል፣ ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከዚያ የሚፈልቀው ውኃ ግማሹ ወደ ዓባይ፣ ግማሹ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። በጓሳ ሣር ቤት ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል፣ ዝናብ የሚከለክል ገሳ ይሠራል። ሰብል በጠፋበት ዓመት ደግሞ ሣሩ ገበያ ወጥቶ እህል ይገዛበታል።

ታዲያ ይህን ያህል የሚፈለግ ሣር እንዴት ሳያልቅ ኖረ? ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አባቶች አገሩን አቀኑ ይላል የመንዝ ሰው። ጓሳንም ለልጅ ልጆቻቸው የጋራ አድርገው ሕግ አቆሙለት፤ ሕጉ ቄሮ ይባላል። ከአስቦ ወገን አንድ፣ ከጌራ ወገን አንድ አለቃ ይመረጥ ነበር። አለቆቹ ጓሳ ተዘግቷል ካሉ ተዘጋ ነው። ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ማጭድ አይገባበትም፣ ከብት አይሰማራበትም። ሣሩ ሲደርስ የሚከፈትበት ቀን ይነገራል፤ ያን ጊዜ ባለመብቱ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል።

እስኪከፈት ድረስስ ማን ይጠብቀው ነበር? ሰዉ ራሱ ነዋ! ጉልበት ያለው ወንድ ሁሉ ተራው ሲደርስ ይወጣል፤ ብርዱን ችሎ ሲዞር ይውላል፣ የተደበቀ አጫጅ ካገኘ ይዞ ያቀርባል። ደመወዝ የለውም። ዛሬ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የምንለውን እነዚያ ሰዎች ያደርጉት የነበረው የኛ ነው ብለው ነው።

እነሱ የጠበቁት ሣሩን ነበር። ሣሩ ግን ብቻውን አይኖርም። በሥሩ አይጡና ፍልፈሉ ይርመሰመሳል፤ ያንን የሚበላው ደግሞ ከኢትዮጵያ ምድር በቀር የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ የቀረው 500 እንኳ አይሞላም። ጭላዳ ዝንጀሮውም ከዚያው ሣር ይግጣል። እንዲያውም ጓሳ ላይ አንድ ድንቅ ነገር ታየ፤ ቀበሮው በጭላዳው መንጋ መካከል ይመላለሳል፣ ግልገሎቹን አይነካም፣ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀበሮው በጭላዳዎቹ መካከል ሆኖ ከሞከረው አደን 67 በመቶው ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶው ብቻ። ለቤት ክዳን ተብሎ የተጠበቀው ሣር ይህን ሁሉ ነፍስ አኖረ ማለት ነው።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። አዋጁ ለብዙ ጭሰኛ ነጻነት ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም። ጓሳ ላይ ግን ርስት ሲቀር ቄሮም አብሮ ቀረ። አለቆቹ ሥልጣናቸውን አጡ፣ ነገሩ ወደ ገበሬ ማኅበራት ዞረ። ትናንት ተራ ይጠብቅ የነበረው ሰው ጎረቤቱ ሳይቀድመው ለማጨድ ይሽቀዳደም ጀመር። ያው ሰው ነው፣ ልቡ አልከፋም። ነገር ግን እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል ብሎ ሰጋ። እንዲህ የሰጋ ሰው ዘብ አይቆምም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የተባለው ደረሰ፤ ጓሳ ባለቤት አጥቶ ነበርና።

ሽማግሌዎቹ ግን ሕጉን አልረሱትም። ዘላለም ተፈራ የተባሉ ተመራማሪ ይህን የቄሮ ነገር አጥንተው በ2001 እ.ኤ.አ. የዶክትሬት ሥራቸውን ጻፉበት። በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎችም ተወካዮቻቸውን መርጠው፣ መክረው፣ መተዳደሪያ ደንብ አወጡ፤ ጓሳም የማኅበረሰብ ጥበቃ ስፍራ ተባለ። የድሮው ቄሮ አንድ ጉድለት ነበረበት፤ የአስቦና የጌራ ዘር ያልሆነ ጎረቤት ሣሩን እያየ ይቀር ነበር። ያሁኑ ደንብ የቆመው በዙሪያው በሚኖሩት ቀበሌዎች ላይ ነው። እኔ ከሁሉ የሚያስደስተኝ ይኸው ነው፤ የአባቶች ሕግ ሲመለስ በሩን ሰፋ አድርጎ ተመለሰ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፤ አራዊቱን ለመርዳት ልባችሁ ለተነሣ ወጣቶች። ጠላቱ ጠመንጃ የያዘ አዳኝ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2003 እ.ኤ.አ. በባሌ ተራሮች፣ በወብ ሸለቆ፣ ከእረኛ ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱን ያህል ፈጀ። እንግዲህ ውሻውን የሚያስከትብ እረኛ ቀበሮውን ጠበቀ። በክትባት ቀን ቤት ለቤት እየዞረ ጎረቤቱን የሚቀሰቅስ ተማሪም እንዲሁ። ይህ ሥራ ድግሪም፣ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም፤ የሰው ቀን ይጠይቃል።

ከከተማ የምትሄዱም ብትሆኑ፣ አስተማሪ ሆናችሁ አትግቡ። መጀመሪያ ደንቡን ያወጡትን ሰዎች ፈልጉ፣ ምን እንደጎደላቸው ጠይቁ፣ በሰጧችሁ ተራ ቁሙ። ጓሳ ሲዘጋ ሣሩን ማጨድ የተከለከለውን ድሃ ጎረቤትም አስቡት፤ ትልቁን ዋጋ የሚከፍለው እሱ ነውና፣ እርዳታችሁ ከእሱ ቤት ይጀምር። እሱ የኔ ነው እስካለ ድረስ ጓሳ ጠባቂ አያጣም።