ቡቺ አገር ሲለቅ

ስሙኝማ! የድሬ ልጆች ጠጋ በሉ፤ ሌላ አገር ያላችሁም አዳምጡኝ። ዛሬ የማወራችሁ ከድሬዳዋ ገንደ ቆሬ ሰፈር ተነሥቶ አሜሪካ ስለሚገባ ውሻ ነው። ውሻው ቡቺ ይባላል። ቡቺንም ባለቤቶቹንም ለትረካዬ ስል የፈጠርኳቸው ናቸው፤ በየበሩ የሚጠብቃቸው ሕግ ግን እውነተኛው ሕግ ነው።

እናትና ልጅ ናቸው። አባት ቨርጂኒያ ከገባ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ቀን ማታ ስልክ ተደወለ፤ የቪዛው ቀጠሮ ደረሰ ተባለ። እናት እልል አሉ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ቡና ተፈላ። የልጅቱ ዓይን ግን በር ላይ ወደተኛው ውሻ ሄደ።

«እማዬ፣ ቡቺስ?»

«ውሻ ደግሞ ምን ፓስፖርት አለው ልጄ?»

ጎረቤቱ ሁሉ ምክር አላጣም። አንዱ «ለዘበኛው ስጡት» አለ። ሌላው «አቦ፣ ደቻቱ ወንዝ ማዶ ወስዳችሁ ልቀቁት፣ ይለምደዋል» አለ። ትረካዬን ገታ አድርጌ የራሴን ልናገር፦ ይህን ሁለተኛውን ምክር አልቀበለውም። ሌሊቱን ሙሉ ግቢ ሲጠብቅ፣ ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት ሸኝቶ ሲመለስ የኖረን እንስሳ አሸዋ ላይ ጥሎ መሄድ ግፍ ነው። የተጣለ ውሻ ይራባል፣ ከማያውቃቸው ውሾች ጋር ይናከሳል፣ የሚያስከትበውም አያገኝም። ጉዳቱ ተመልሶ እዚያው ሰፈር የቀሩት ልጆች ላይ ነው የሚያርፈው።

ደግሞም ቡቺ ፓስፖርት አለው። የሱ ፓስፖርት የሚነበበው ከደሙ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ድሬ ከተማ የሆነችው የጅቡቲው ባቡር ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ሲደርስላት ነው፤ በፈረንጆቹ 1902 መሆኑ ነው። ሐዲዱ እዚህ ቆሞ ዓመታት ተቀመጠ። ከባሕር የመጣ እዚህ ወርዶ በበቅሎ ይቀጥላል፤ ከመሀል አገር የወረደ እዚህ ባቡር ይሳፈራል። የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1903 ወደ አፄ ምኒልክ ሲመጣ እስከ ድሬ በባቡር ተጉዞ ከዚህ በቅፍለት ነው ወደ አዲስ አበባ የወጣው። አፄ ምኒልክም ለፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ካበረከቷቸው ስጦታዎች መካከል በሕይወት ያሉ እንስሳት ነበሩበት። አንደኛው የሜዳ አህያ «ዳን» የሚል ስም ወጥቶለት፣ ሜሪላንድ ውስጥ ቤተዝዳ በሚገኝ የግብርና መሥሪያ ቤቱ ጣቢያ የማዳቀል ሙከራ ተደርጎበታል። ንጉሡ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1882፣ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዡል ግሬቪ የላኩት የሜዳ አህያማ ዘሩን በሙሉ በፕሬዚዳንቱ ስም አስጠርቶት ቀርቷል፤ እስከ ዛሬ የግሬቪ የሜዳ አህያ ይባላል። በዚያ ዘመን አውሬ ባሕር የሚሻገረው በንጉሥ ፈቃድና በጠንካራ ገመድ ነበር። ደሙን ልመርምር የሚል አልነበረም።

በዚያው በ1902 ግን፣ ድሬ ስትወለድ፣ እንግሊዝ የእብድ ውሻ በሽታን ከደሴቷ ነቅላ ጨርሳ ነበር። ውሻውን ሁሉ አፉን አሳስራ፣ ባለቤት የሌለውን ሰብስባ፣ ከውጭ የሚመጣውን ለይታ እያቆየች ነው ለዚህ የበቃችው። ብዙም አልቆየ፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ከግንባር የተመለሱ ወታደሮች ደብቀው ባስገቧቸው ውሾች በሽታው በ1918 ተመልሶ ገባ። እንደገና እስኪጠፋ 1922 ደረሰ። ከዚያ በኋላ እንግሊዝ ልቧ ደነደነ። ውሻ ይዞ የመጣ ሰው፣ አምባሳደርም ይሁን ነጋዴ፣ እንስሳውን ለስድስት ወር ኳራንቲን አስረክቦ በሽቦ አጥር በኩል ሲጠይቀው ይከርም ነበር። ይህ ደንብ መላላት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው።

ለምን ይህን ያህል ጨከኑ ብትሉኝ፣ በሽታው ራሱ ጨካኝ ስለሆነ ነው። ቫይረሱ በንክሻ ይገባና የነርቭን መንገድ ይዞ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅበታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውሻው ይበላል፣ ይጫወታል፣ ጭራውን ይቆላል። ሐኪም ቢያየው «ጤነኛ ነው» ብሎ ይፈርማል። ምልክቱ አንዴ ከታየ ግን ለውሻውም ለሰውም መዳኛ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ከአሥሩ አራቱ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። በሽታውን ወደ ሰው የሚያስተላልፈው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ውሻ ነው። በእኛ አገር «ፓስተር ሄዶ መወጋት» ሲባል የማይደነግጥ እናት የለችም፤ ሆድ ላይ ለቀናት በተከታታይ ይወጋ የነበረውን መርፌ ያየ አይረሳውም። እንግዲህ ይህ በሽታ ከደጇ የጠፋላት አገር በሯን ብትቆልፍ እኔ አልቀየማትም። ልጇን እየጠበቀች ነው።

ወደ ቡቺ እንመለስ።

እናትና ልጅ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄዱ። እናት ከቦርሳቸው አንድ ካርድ አወጡ። «ይኸው ዶክተር፣ አምና ተከትቧል።» ሐኪሙ ካርዱን አየና ራሱን ነቀነቀ። «እናቴ፣ ክትባቱ ጥሩ ነው፣ ከበሽታው ይጠብቀዋል። ለአሜሪካ ግን አይቆጠርለትም። ማይክሮቺፕ አልነበረውም።»

ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ማይክሮቺፕ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር ናት፤ በመርፌ ከውሻው ቆዳ ሥር ትገባለች። በማንበቢያ መሣሪያ ሲያልፉባት 15 አሃዝ ቁጥር ታሳያለች። ሕጉ ቺፑ ይቅደም፣ ክትባቱ ይከተል ይላል። ቁጥር የሌለው ውሻ ሲከተብ፣ የተከተበው ይኸው ውሻ ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ? ጎረቤትየው የተከተበ ውሻ ካርድ አውሶ ያልተከተበውን ቢያሳፍርስ? ቺፕ እንደ ፓናዶል በየሱቁ አይገኝም፤ ስለዚህ ቀድሞ ማጠያየቅ ነው።

ቡቺ ቺፕ ገባለት፤ በዚያው ቀን እንደ አዲስ ተከተበ። ከዚያ 30 ቀን መጠበቅ አለበት፤ ሰውነቱ ክትባቱን አይቶ መከላከያውን እስኪሠራ ማለት ነው። በሠላሳኛው ቀን ወይም ከዚያ በኋላ ደሙ ይቀዳል። ደሙ የሚመረመረው አሜሪካኖቹ በፈቀዱት ላቦራቶሪ ብቻ ስለሆነ ባሕር ይሻገራል። የድሬን የግንቦት ፀሐይ ለምታውቁ መንገር አያሻኝም፤ ደሙ ተጣርቶ ፈሳሹ ብቻ በበረዶ ሣጥን ካልሄደ ይበላሻል፣ እንደ አዲስም መቀዳት ይኖርበታል። ውጤቱ በሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒትና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ውጤቱ ቢመጣም ወዲያው መብረር የለም፤ ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ ሌላ 28 ቀን ይቆጠራል። ይህን ሁሉ ሳይጠብቅ ተጣድፎ የሄደ ሰው ውሻው እዚያ ሲደርስ 28 ቀን ኳራንቲን ይገባል፤ ወጪውም የባለቤቱ ነው። ወረቀት ሳያሟላ የመጣ ደግሞ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ይኸም በባለቤቱ ወጪ።

ይህ ደንብ በዚህ መልኩ የጸናው እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ነው። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ከሚያሰጋቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች እዚህ የተከተበ ውሻ ዕድሜው ስድስት ወር ሳይሞላ አይገባም፤ የክትባቱን ማረጋገጫ ቅጽ ሐኪሙ ሞልቶ የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ማኅተም ያሳርፍበታል፤ በተፈቀዱት ጥቂት አውሮፕላን ማረፊያዎች ካልሆነም አይወርድም። ደግነቱ ዋሽንግተን ዳለስ ሥራው ሲጀመር ከተፈቀዱት አንዱ ነበር፤ የእኛው አየር መንገድ የሚያርፍበት ነው።

ልጅቱ በእነዚያ ሁለት ወራት ሥራ አልፈታችም። ሣጥኑ ተገዛ፤ ቡቺ ቆሞ፣ ዞሮ፣ ተጋድሞ የሚበቃው መሆን ነበረበት። ማታ ማታ እራቱን እዚያ ውስጥ ታስቀምጥለታለች፣ ነጠላዋን ታነጥፍለታለች። መጀመሪያ አንገቱን ብቻ ያስገባ ነበር፤ በኋላ ራሱ ገብቶ ይተኛ ጀመር። ሰው ወረቀቱን ሲያሳድድ ይህን ይረሳል። ሣጥን አይቶ የማያውቅ ውሻ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ጥርሱን እስኪሰብር ሽቦ ሊነክስ ይችላል። በማደንዘዣ አስተኝቶ መላክም አደገኛ ነው፤ ሐኪሞች አይመክሩትም።

ከድሬ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ በረራ። ዳለስ ላይ ሐኪም ቺፑን አነበበ፤ ከወረቀቱ ጋር 15ቱም አሃዝ ገጠመ። የአሜሪካን ክትባት ደገመውና ለቀቀው። አባት ውሻውን በስልክ ምስል ብቻ ነበር የሚያውቀው። ቡቺ ግን ሰውየውን ገና ሲያሸት የልጅቱን ጠረን አገኘበት መሰለኝ፣ ጭራውን ቆላለት።

የጎረቤቷ እማማ ድመትስ? ድመት ለአሜሪካ ከሆነ መንገዷ ቀላል ነው፤ የፌዴራሉ ደንብ ለድመት ይህን ሁሉ አይጠይቅም። አውሮፓ ከሆነ ግን ድመትም እንደ ውሻ ነች፦ ቺፕ፣ ክትባት፣ ከ30 ቀን በኋላ ደም፣ ከዚያ ሦስት ወር ጥበቃ። አውስትራሊያ የባሰ ነው። ከኢትዮጵያ በቀጥታ አይገባም፤ መጀመሪያ እነሱ ወደሚያምኑት አገር ሄዶ እዚያ ወራት መክረም፣ ከዚያም ሜልቦርን አጠገብ ሚክልሃም ባለው ለይቶ ማቆያ መግባት ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ስመ ጥሩው ተዋናይ ጆኒ ዴፕ ሁለት ትናንሽ ውሾቹን በግል አውሮፕላን ሳያስመዘግብ አስገብቶ፣ የአገሪቱ የግብርና ሚኒስትር ካላስወጣቸው እንደሚገደሉ ነግሮት ነበር። ዝናም ገንዘብም አላሳለፈለትም።

ምሥራቁ አገራችን በበሽታ ምክንያት በር ሲዘጋ ምን እንደሚመስል በበግና በፍየል ዋጋ ከፍሎ ያውቀዋል። በ1998ና በ2000 እ.ኤ.አ. የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚባለው በሽታ በተነሣ ጊዜ ሳዑዲ ዓረቢያ ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄደውን ከብት አገደች። ለሐጅ ዕርድ የተዘጋጀው መንጋ ከነእረኛው ተመልሶ ደረቅ ሜዳ ላይ ቀረ፤ የአርብቶ አደሩ ኪስ ከዚያ በኋላ ለዓመታት አላገገመም። በሩ የተከፈተው ሰው ስለለመነ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ጅቡቲ ዳመርጆግ ላይ የኳራንቲን ጣቢያ ተሠርቶ፣ እንስሳቱ ደማቸው እየተመረመረ መርከብ መሳፈር ሲጀምሩ ነው ገዢው ልቡ የተመለሰው።

ቡቺ ሄደ፤ አብረውት ያደጉት ውሾች ግን ገንደ ቆሬ ናቸው። የአንድ ሰፈር ውሾች 70 በመቶ ከተከተቡ በሽታው የሚዛመትበት ያጣል፤ ይህ በየአገሩ ተሠርቶ የታየ ነው። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን የሚውለው እ.ኤ.አ. መስከረም 28፣ ክትባቱን የፈለሰፈው ሉዊ ፓስተር ባረፈበት ዕለት ነው። በእኛ አቆጣጠር በአብዛኛው መስከረም 18፣ የመስቀል ማግሥት ይሆናል። ዕድርተኛውም ጀመዓውም ሰው ቤቱ በሚገኝበት ሰሞን ነው። እኔ የሰፈር ሽማግሌ ብሆን ለዚያ ቀን ሐኪም ለምኜ አመጣ ነበር፤ ከዚራ አንድ ጥላ፣ መጋላ አንድ፣ ሳቢያን አንድ፣ ገንደ ቆሬም አንድ ዘርግቼ፣ ባለቤት ያለውንም የሌለውንም ውሻ አስወጋ ነበር። ጠዋት በጊዜ ነው ታዲያ፤ ፀሐይዋ ከከረረች ክትባቱም ውሻውም አይችላትም።