ለልጁ መልስ የተተወ ቦታ

ሕፃንን ከቴሌቪዥን ጋር ማነጋገር የንክኪ ስልክ ያመጣው ነገር አይደለም። የአሜሪካው ሲቢኤስ «ዊንኪ ዲንክ ኤንድ ዩ» የተባለውን የልጆች ዝግጅት ማስተላለፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1953 ነበር። ልጆቹ በ50 ሳንቲም በፖስታ የሚላክላቸውን ስስ ፕላስቲክ በቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ ይለጥፉና፣ ባለታሪኩ ዊንኪ ወንዝ ዳር ደርሶ መሻገሪያ ሲያጣ ድልድይ ይሥሉለት ነበር። ፕላስቲኩን ካልገዙት መካከል መስታወቱ ላይ የሣሉም ነበሩ (የወላጆቻቸውን ፊት መገመት አያስቸግርም)። ሆኖም ድልድዩ ተሣለም አልተሣለም ዊንኪ ይሻገር ነበር። ታሪኩ አስቀድሞ ያለቀ ነው፤ ለልጁ የተተወለት የጎደለች መስመር መሙላት ብቻ ነው። እጁ ይሠራል፤ አንደበቱን ግን የሚፈልገው የለም።

እ.ኤ.አ. በ1996 ኒክሎዲየን የጀመረው «ብሉስ ክሉስ» ያለ ምንም ፕላስቲክ ከዚህ አልፎ ሄደ። አቅራቢው ይጠይቅና ካሜራውን እያየ ዝም ይላል፤ በዝምታው ውስጥ ልጁ ይናገራል። ትልቁ ብልሃት ግን አንዱን ክፍል አምስት ቀን በተከታታይ መድገሙ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ዝግጅቱ በተደጋገመ ቁጥር ሕፃናቱ መልስ መስጠታቸው ጨምሯል። አዋቂን የሚያሰለች ድግግሞሽ ለልጅ የታሪኩን ቅደም ተከተል ያስይዘዋል፤ ቅደም ተከተሉን ያልያዘ ደግሞ መተረክ አይችልም። የእኛም ተረት የቆመው በዚሁ ላይ ነው፦ ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ይቀበሉታል፣ ያንኑ ተረት ሌላም ምሽት ይሰሙታል፣ ሲያበቃም ተራኪው ተረቱን እንዲመልሱለት ይጠይቃቸዋል። ተራው ወደ ልጁ ይዞራል።

ተረት የሚነግሩ አያት ልጁን ይሰማሉ፣ ቴሌቪዥን ግን አይሰማም የሚል ተቃውሞ ይነሳል። እውነት ነው፤ ልጁ ተሳስቶ ቢመልስም አቅራቢው ያው ያሞግሰዋል። ይህን ጉድለት ቁልፍ መጫን ይሞላዋል ብዬ ግን አላምንም። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው «ፑስ ኢን ቡክ» ልጁ ቀጥሎ የሚሆነውን ይመርጥ ነበር፤ ከተዘጋጁለት መንገዶች አንዱን መንካት ግን ምክንያትና ውጤትን በራሱ ቃል እንዲያያይዝ አያስገድደውም። ዝም ብሎ ማዳመጥ ልጅን ያፈዝዛል የሚሉም አሉ። ታዲያ በ1957 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አባባ ተስፋዬ ለልጆች ከ40 ዓመት በላይ የተረኩት ያለ አንዳች ቁልፍ ነው። ዝም ብሎ ያዳመጠም ልጅ መተረክ የሚጀምረው ቴሌቪዥኑ ሲዘጋ፣ ያየውን ላላየው ሊነግር ሲነሳ ነው። የምርጫ ቪዲዮም የሚበጀው እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ ሁለት ልጆች የተለያየ መንገድ መርጠው ከሆነ፣ አንዱ ለሌላው የሚነግረው ያልታየ ነገር አለው።