የኀዘን ቀጠሮ

ኀዘን ለሰው ልጅ ሁሉ የማይቀር ዕዳ ነው። አባቶቻችን ግን ልክ እንዲኖረው ቀጠሮ ሠርተውለታል። በጎጃም፥ በይልማና ዴንሳ፥ በአዴትና በአካባቢዋ፥ እንደ ሌላው ክርስቲያን አገር ሁሉ፥ ሞት በገባበት ቤት ሣልስቱ፥ ሰባቱ፥ አርባው፥ ሰማንያው፥ መንፈቁና ሙት ዓመቱ በየተራ ይቈጠራሉ። ቀጠሮው ለሟች ጸሎት ቢሆንም፥ ጎረቤት በየጊዜው ወደ ኀዘንተኛው ቤት እንዲመለስ ስለሚያደርግ ለቋሚም መጠበቂያ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ቀጠሮው ሲያልቅ ኀዘኑ የማያልቅበት ሰው አለ። የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ እንመልከት። እቴጌ ተዋበች፥ ቴዎድሮስ ገና ካሳ ተብለው ሳሉ በ1845 ዓ.ም. በጎጃም ምድር በአይሻል ድል የመቷቸው የራስ አሊ ልጅ ነበሩ፤ ሆኖም ለባላቸው ታማኝ ሆነው ጸኑ። በ1850 ዓ.ም. እቴጌይቱ ዐረፉ። ቀጥሎም ወዳጆቻቸው ፕላውደን በ1852፥ ጆን ቤል በ1853 ዓ.ም. ተገደሉ። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የንጉሠ ነገሥቱ ጠባይ ከነዚህ ሞቶች በኋላ እየከረረ መሄዱን ይናገራሉ። የዐመፁ ብዛትም ስላለ ሁሉን በኀዘን ማሳበብ አይገባም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን ኀዘን ለይቶ የሚያክም ጥበብ በዚያ ዘመን በየትም አገር አልነበረም።

ዛሬ ግን ስም ተሰጥቶታል። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2011 ዓ.ም. ባጸደቀው የበሽታዎች መዝገብ የተራዘመ ኀዘን ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ ተጽፏል። ሕመም የሚባለውም ቢያንስ 6 ወር ሲቈይና ከሕዝቡ ባህልና ሃይማኖት ልማድ ሲያልፍ ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2014 ዓ.ም. ለዐዋቂ ሰው 12 ወር ወሰነ። እነሆ፥ የእኛ መንፈቅና ሙት ዓመት! ምልክቱም ቀን ከሌት የማይለቅ ናፍቆት፥ ሞቱን አምኖ መቀበል ማቃት፥ ከሰው መለየት፥ ሥራን መተው ነው። ሕክምናው በዋነኛነት ንግግር ነው። ዶክተር ካትሪን ሺርና ባልደረቦቻቸው በ1997 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፥ ለዚሁ ኀዘን ተብሎ በተዘጋጀ 16 ጊዜ ያህል ምክር ከ100 ሕመምተኞች 51 ሲሻላቸው፥ በተለመደው የንግግር ሕክምና የተሻላቸው 28 ብቻ ነበሩ።

እንግዲህ መምህሩም ሹሙም ተማሪውም ሙት ዓመቱ ባለፈ ማግሥት አንድ ነገር ይጠይቁ፤ ኀዘንተኛው ወደ እርሻው፥ ወደ ገበያው፥ ወደ ወዳጁ ቤት ተመልሷልን? ካልተመለሰ «እግዜር ያጥናህ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ እጁን ይዞ ጤና ጣቢያ ማድረስ ያሻል። ይህም ለቀጠሮው አንድ ቀን መጨመር ነው።